ጎል ሲገባ ብቻ የማየው ልጄ

ልጄ ጣልያን አገር ኳስ ተጫዋች ነበር። ተከላካይ። አጥቂ ቢሆን ኖሮ ፊቱን ጠግቤ አየው ነበር፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አማርኛ እጽፋለሁ፣ ፊደሉ ግን አንዳንዴ ይምታታብኛል። በእንግሊዝኛ የምጽፈው ስሜንና አድራሻዬን ነው። ጣልያንኛ ደግሞ ሮም ሆቴል ቤት ሳህን ሳጥብ በጆሮዬ የለቀምኩት ነው፤ ማንበብ አልችልም። ይህን የማስቀድመው ለሰበብ አይደለም። ሰበብ አልወድም።

ሮም የተቀመጥኩት የአሜሪካ ቪዛ እየጠበቅሁ ነው። እዚያው ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ጣልያናዊት ነበረች። አብረን መኖር ጀመርን፣ ወንድ ልጅ ወለድን። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቪዛው መጣ። «ልሂድና እወስዳችኋለሁ» አልኳት። «እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም። አንተ መሄድ ከፈለግህ ሂድ» አለች። ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር። የሚያነብልኝ ሰው መለመን ነበረብኝ፤ የልጄን እናት ቁጣ ባዕድ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ አፈርኩ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ሳላስነብብ አስቀመጥኩት። አራተኛ አልመጣም። እንዲህ ነው የተውኳቸው። የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አላጣም ነበር፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ሲያትል መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ በማይገባባት የሒሳብ መቀበያ ቡዝ ተቀምጬ ሠራሁ። ሌላ ትዳር አልያዝኩም።

በሃያኛው ዓመት ገደማ ከሮም የመጣች ሴት ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች የወይራ ዘይት ስታድል ለእኔም አንድ ጠርሙስ ደረሰኝ። የተጠቀለለው በሮዝ ጋዜጣ ነበር፣ በጣልያኖቹ የኳስ ጋዜጣ። ቡዝ ውስጥ ስፈታው የአንድ ቡድን ፎቶ አየሁ። ከኋላ ከቆሙት ሁለተኛው ጠይም፣ ረጅም ልጅ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ያለው ግንባሩ የአባቴ ግንባር ነው። ጋዜጣውን ይዤ ላይኛው ፎቅ ላይ ወደሚሠራው ጓደኛዬ ሄድኩ። እሱ ከእኔ አሥር ዓመት የሚያንስ ጉራጌ ነው፤ ለኳስ ያበደ፣ እንግሊዝኛም ኢንተርኔትም የሚያውቅ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ አመድ መሰለ እኮ።»

«ይሄ ልጄ ነው።»

«የቱ?»

«ይሄ ጠይሙ።»

ሳቀ። «ኧረ ጋሼ! ሶ፣ በረኛውስ የኔ ነዋ?»

እኔ አልሳቅሁም። ከፎቶው ሥር ያለውን ስም አንብብልኝ አልኩት። ያወጣንለት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስሙ ደግሞ የእናቱ። ጓደኛዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቀን በኋላ በልጄ ነገር ቀልዶ አያውቅም፤ በእኔ ግን ይቀልዳል።

ቡድኑ ሰሜን ጣልያን ያለ የትንሽ ከተማ ቡድን ነው፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት። ጓደኛዬ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ያለ ቤተ መጻሕፍት ወስዶኝ ኮምፒውተሩ ላይ የትኛውን እንደምጫን አሳየኝ። ጣልያን ከሰዓት በኋላ የሚጫወቱት እዚህ ገና ሳይነጋ ነው፤ ቅዳሜ በሩ ሲከፈት ውጤቱ ወጥቶ ይጠብቀኛል። የልጄን ስም ፊደል በፊደል አላነበውም፤ እንደ ሥዕል ነው የያዝኩት። ሌላው ማንበብ አይፈልግም። ቢጫ ሳጥን ካለ ቢጫ ካርድ አይቷል። ወደ ታች ያየ ቀይ ቀስት ካለ ተቀይሮ ወጥቷል። ምንም ከሌለ ዘጠና ደቂቃ ቆሟል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም አይኖርም ነበር። ባዶውን ቦታ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ወጥቼ አውቶቡሴን እይዛለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ካየሁ በኋላ ነገሩ አልቻል አለኝ። ለጓደኛዬ ነገርኩት።

«ኮል ያድርጉለት በቃ። የክለቡን ስልክ እኔ አገኝልዎታለሁ።»

«የበደለ ሰው እንዲሁ ስልክ አንስቶ እኔ ነኝ አይልም። ሽማግሌ ይልካል።»

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ ጣልያን ነው!»

«የኔ ልጅ ነው።»

ሮም የቀሩ የጥንት ወዳጆች ነበሩኝ። ከመካከላቸው ሦስቱን፣ ትልልቆቹን ለመንኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ባቡር ተሳፍረው እስከዚያች ከተማ ሄዱ። ስልክ ቁጥሬንም ለልጁ እንዲሰጡልኝ ነገርኳቸው። አንጋፋው ሽማግሌ ማታውኑ ደወለልኝ።

«በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሃይማኖት የምንሰብክ መስሎት አንፈልግም፣ አንፈልግም ይለናል። ነጠላችንን ደርበናል፣ ዝናቡ ይወርዳል። በኋላ ልጁ ከልምምድ ወጣ። አንተ፣ ምን የመሰለ ልጅ ነው! ግቡና ቡና ጠጡ አለን።»

«እናንተስ?»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ አንቀምስም አልነው።»

«ደግ አደረጋችሁ። እሱስ?»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ አለን።»

ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው፤ ተመላለሱ። በሦስተኛው ልጄ የእኔን ቁጥር ተቀበለና የራሱን በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። «ራሱ ይደውል» አለ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ወረቀቱ በፖስታ ደረሰኝ።

እኔ የጠበቅሁት እንዲህ አልነበረም። ለሽማግሌ ክብር ሲል ይቅር ብያለሁ ይልና ይደውልልኛል ብዬ ነበር።

«ኦኬ፣ አሁን ቁጥሩ በእጅዎ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «ይደውሉ!»

«ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ? አሁን ተራው የሱ ነው።»

«ተራ? ባንክ ቤት ነው እንዴ ጋሼ፣ ወረፋ የሚያዝበት?»

ወረቀቱን ፓስፖርቴ ውስጥ ከተትኩት። ያን ዓመት ሙሉ ስልኬን ሳልዘጋ ቅዳሴ እየገባሁ ሰው ታዘበኝ። ይደውላል ብዬ ነው። አልደወለም። እሱ ካልደወለ እኔም አልደውልም አልኩ። ይህን ስል ልክ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው የሚያመኝ እርግጠኛ መሆኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሲንቀሳቀስ ያየሁት። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ቡዝ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ኢንተርኔቱ ላይ የሚወጣው ሙሉ ጨዋታ አይደለም፤ ጎሎቹ ብቻ ናቸው፣ ተቆራርጠው። የልጄ ቡድን ጎል ሲያገባ ልጄ የለም፤ ወዲያ ማዶ በረኛው አጠገብ ቆሟል፣ ካሜራ አያየውም። ጎል ሲገባበት ግን አለ። ወይ አጥቂው አልፎት ሲሮጥ ከኋላ ይከተላል፣ ወይ በቴስታ ተበልጦ ወድቋል፣ ወይ እጁን አንሥቶ ለዳኛው ይጮኻል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በሸርተቴ ሲያስጥልና ኳስ ሲያወጣ የዋለውን የሚቆርጥለት የለም። አንዲት ያመለጠችውን ግን በዝግታ ሦስት ጊዜ ያሳያሉ። እንግዲህ እኔ ልጄን የማየው ሲሸነፍ ብቻ ሆነ።

አንዷን ጎል አልረሳትም። ከማዕዘን ተመታ፣ አንድ ደንዳና አጥቂ ልጄ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ በግንባሩ አገባ። ካሜራው ወዲያው አጥቂውን ተከትሎ ሄደ። ጥጉ ላይ ግን ለአንድ አፍታ ልጄ ይታያል፦ የወደቀውን በረኛ ብብቱን ይዞ ሲያነሳው።

«ድገመው» አልኩት ጓደኛዬን።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ሲጨፍር እኮ ነው የሚያሳየው።»

«እሱን ተወው። እኔ የማየው ጥጉን ነው።»

ስንት ጊዜ እንዳስደገምኩት እንጃ። ለመውጣት የቆመ ሰውዬ ጥሩንባውን እስኪነፋብን ድረስ አስደገምኩት። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ሲዘጋ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ «ደግ ልጅ ነው» ብቻ አለ።

አንድ የጥር ቅዳሜ ስሙ አጠገብ ቀይ ቀስት አየሁ፤ ገና ጨዋታው ሳይጋመስ ወጥቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሙ የለም። በሚቀጥለውም። ጓደኛዬ ፈልጎ አነበበልኝ፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ወረቀቱን አውጥቼ ይዤው ነበር። ማውንት ቤከር ጣቢያ ወርጄ መድረኩ ላይ ቆምኩ፤ ሁለት ባቡር መጥቶ ሄደ። ሲወድቅ ጠብቆ መጣ ይለኛል ብዬ ወረቀቱን መልሼ ከተትኩት። ሲቆም ደግሞ ቆሟል፣ ምን አደርግለታለሁ አልኩ። ላለመደወል ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ከዓመት በኋላ ተመለሰ፤ ግን ያ ልጅ አይደለም። ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ። ስሙ ከአሥራ አንዶቹ ወርዶ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ገባ፤ የመግቢያው አረንጓዴ ቀስት የሚመጣለት ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ቪዲዮውም ቀረ፤ የሦስተኛውን ዲቪዚዮን ጎል ማን ብሎ ይቆርጣል። በመጨረሻ አንድ የመስከረም ቅዳሜ ስሙን አጣሁት። ጓደኛዬ የሁሉንም ቡድን ዝርዝር አገላበጠ።

«የለም ጋሼ። የትም የለም።»

ያን ጊዜ ነው ጭንቅ የያዘኝ። ስሙ እዚያ እስካለ ድረስ ልጄ በሕይወት አለ፣ እኔም አባቱ ነኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር። አሁን ባዶ ሆነ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሌክ ሲቲ ወደሚገኘው የጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ረፋድ ነው፣ ጣልያን የራት ሰዓት ነው። ቁጥሩን እሱ መታልኝ።

«ፕሮንቶ» አለ፣ ወፍራም ድምፅ።

«አባትህ ነኝ» አልኩት በዚያች በዛገች ጣልያንኛዬ።

ከኋላው ሳህን ይንኳኳል፣ ሕፃን ይንጫጫል።

«ከሲያትል?»

«ከሲያትል።»

«እነዚያን ሦስት ሽማግሌዎች የላክኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነ» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያን ዓመት ልምምድ ስገባ ስልኬን ለዕቃ ጠባቂው እሰጥ ነበር፣ ከአሜሪካ ከተደወለ ጥራኝ ብዬ። የቡድኑ ልጆች ሰብአ ሰገሎቹ ምን አመጡልህ እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሳቁብኝ።»

«እኔም ያንተን ስልክ እጠብቅ ነበር።»

«ለምን? እኔ ምን አድርጌ?»

ይቅርታ በጣልያንኛ የማውቀው፣ ሳህን ተሸክሜ ሰው ስገፋ የምላትን ቃል ብቻ ነው። እሷኑ አልኩት።

«ዛሬ ለምን ደወልክ?» አለኝ።

«ስምህ ጠፋ። ምን ሆንክ ብዬ።»

«ጨርሻለሁ። ጉልበቴ እምቢ አለ። አሁን የሚስቴ አባት ሱቅ ውስጥ የወለል ንጣፍ እሸጣለሁ።»

«ልጆች አሉህ?»

«ራት እየበሉ ነው» አለ። ከዚያ «ታመሃል እንዴ?» አለኝ። ድምፁ እዚያ ላይ ጥቂት የለሰለሰ መሰለኝ።

«አልታመምኩም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ደህና ሁን» ብሎ ዘጋው።

ጓደኛዬ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እንዴ ጋሼ! ትንሽ አሞኛል ቢሉት ምን ነበረበት? ስኳርዎ አለ፣ ግፊትዎ አለ፣ ወገብዎ አለ! የትኛውን ዋሹ ሊባሉ ነው?»

«የጠየቀኝ ልሞት እንደሆነ ነው። አልሞትም።»

«ሊመጣ ነበር እኮ! አመመኝ ቢሉት ሊመጣ ነበር!»

አውቃለሁ። እሱ ሳይነግረኝ፣ ስልኩ ሳይዘጋ ነው ያወቅሁት። አፌ ግን ቀድሞ ተናግሯል። ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ተናጋሪ ነኝ እያልኩ ስኮራ ኖሬ፣ ያቺን አንዲት ውሸት ለልጄ ነፈግሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። አንዴ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ ቁጥሩ አይሠራም የምትል የማሽን ሴት አነሳችው። ያ አንጋፋ ሽማግሌ አርፏል፤ የቀሩት ሁለቱ አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ ባቡር አይሳፈሩም። ቢሳፈሩስ የወለል ንጣፍ ሱቅ በየትኛው ከተማ ብለው ይጠይቃሉ? ልጆቹ ስንት እንደሆኑም አላውቅም። ራት እየበሉ ነው አለኝ እንጂ ስማቸውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።