ማጣሪያዬ የዳነበት ንግግር

ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ሳይወራ ስብሰባ በማይዘጋበት ዘመን ነው። ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ውስጥ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሲበሳ ራሱን የሚጠግን የውሃ ማጣሪያ ሠርቼ ቀረብኩ። እንደ ላስቲክ የሳሳ ነገር ነው፤ በብርጭቆ አፍ ላይ ወጥሬ ድፍርስ የሐይቅ ውሃ አፍስሼበታለሁ። ሥራዬ እንዲቀጥል የሚፈቅዱት የዕለቱ የክብር እንግዳ ናቸው።

«እስኪ ልየው» አሉና በስክሪብቷቸው ወጉት። ድፍርሱ የሐይቅ ውሃ በቀዳዳው ቁልቁል ወረደ።

«ግማሽ ሰዓት ይታገሱኝ፤ ይድናል» አልኳቸው።

«እስከዚያ ሁለት ቃል ልናገር» ብለው መድረክ ወጡ። ሁለቱ ቃል ምሳ ሰዓት አሳለፈን። አዳራሹ በሙሉ አንቀላፋ፤ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት መምህር ጭራሽ አንኮራፉ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ማጣሪያው ከዳነ ቆይቷል።

ሲወርዱ ውሃ ጨመርኩበት። ከሥር ኩልል ያለ ጠብታ ብቻ ወረደ። እንግዳው መነጽራቸውን አድርገው ቀዳዳውን ቢፈልጉት አጡት።

«ቀይረኸው ቢሆንስ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም» ብዬ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። ነቅቶ የሚመሰክርልኝ ሰው ጠፋ።

«ግድ የለም፤ አሁን ዓይኔን አልነቅልም» አሉና ደግመው ወጉት። ከዚያ ማይኩን ጠረጴዛዬ ድረስ አስመጡና፣ ቀዳዳው ላይ እንዳፈጠጡ፣ «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» ብለው ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ።