አህያዪቱን ያስተማርኳት መንገድ

እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ ውጭ አገር አጥንቼ ስመለስ፣ ድሬዳዋ ያገኘሁት ሥራ ሕፃናት ማስተማር ነበር። ሰፈሩ ግን ወሬውን ሰምቶ «አህያ ሊያስተምር ባሕር ተሻገረ» እያለ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ እንግዲያው አህያ አስተምራለሁ አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ውሃ ሻጭ ነበሩ። አህያቸው ውሃ የሞሉ ቆርቆሮዎች ተጭና የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ትሻገርና በየደንበኛው ደጅ ራሷ ትቆማለች። እሳቸው እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ጥለው ይከተላሉ። ይህን መንገድ ለጥንቅሽ ብላ ትተወው ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ፈቃድ ስጠይቃቸው «አቦ፣ ተምራ የት ልትቀጠር ነው፤ ባቡር ጣቢያ?» ብለው ስቀው ፈቀዱልኝ። ምን እንደማስተምራት ግን አልነገርኳቸውም፤ ባለቤቱ ካወቀ ጥናቱ ይበላሻል ብዬ።

በየማለዳው ወደ ቤቴ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ጥንቅሽ እያበላሁ ወደ በራፌ አስለመድኳት። መጀመሪያ ቀምሳ ወደ መንገዷ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን ግን የደንበኞቹን ደጅ ሁሉ አልፋ ቀጥ ብላ እኔ ጋ መጣች። በደስታ ደብተሬን ስከፍት ሽማግሌው «አዴ፣ ውሃ መጥቷል» አሉ። አዴ የሚሏት የአንዲት ደንበኛቸው ቤት የደረሱ መስሏቸዋል። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር።

አበስኩ ገበርኩ፤ ዓይናቸው አያይም ለካ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ለማን ልንገር?» አሉኝ ቀስ ብለው። «የማያይ ሰው የቀዳውን ውሃ ማን ይገዛል?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። የሽማግሌውን ዓይን ነው የወሰድኩባቸው። ጥንቅሹን አቆምኩ፤ አህያዪቱ ግን በራፌ ላይ ተገትራ ትጠብቀኛለች። ለመንኳት፣ ጎተትኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና መታኋት። መጽሐፎቼ ልማድ እንዴት እንደሚጠፋ ይናገራሉ፤ እስኪጠፋ ሽማግሌው ምን እንደሚበሉ አይናገሩም። ደንበኞቹም ውሃ ሲዘገይባቸው ወደ ሌላ ሻጭ መዞር ጀመሩ።

በመጨረሻ ጨነቀኝና ገመዷን ይዤ እኔው ከደጅ ደጅ መራኋት። ሦስተኛው ቤት ላይ ሴትየዋ እንስራዋን ይዛ ወጣች። እኔን አየች፣ ገመዱን አየች፣ ሽማግሌውን አየች።

«አባባ አያዩም እንዴ?» አለችኝ።

እንስራዋን ባዶውን ይዛ ገባች። ወሬው ቀድሞን ሄደ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ በር የከፈተልን የለም።

ሽማግሌው እጃቸውን ከአህያዪቱ ጀርባ አነሱ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንተ ባትመራን ኖሮ፣ አህያዬ ሞኝ ሆነች እንጂ ሰውየው አያይም አይሉም ነበር።»