ንጋቷ የሰረዘቻቸው ጽሑፎች

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስተየበ ሰው ሁሉ ንጋቷን ያውቃታል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የቁልፎቹን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምውለው።

ታይፕ የተማረችው በደርግ ጊዜ ነው፤ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበረች። መንግሥት ሲለወጥ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ እሷም ወጣች። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ኮምፒውተር ገዛች፤ ማታ ማታም እሷው የሠራችውን ነጭ የዳንቴል ልብስ ታለብሰዋለች። ዝናብ በማያባራበት ወር ወረቀት እርጥበት ስቦ ማተሚያው ውስጥ ይጣበቃል። ስለዚህ የወረቀቱን እሽግ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ በየአንቀጹ ሴቭ ታደርጋለች። ድሮ የጽሑፉን ማውጫ የምትሠራው ነጥብ በነጥብ እየደረደረች ነበር፤ አንድ ገጽ ከተጨመረ ሁሉም ይበላሽባታል። በኋላ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ሠራተኛዋ ሐሴት ርዕሶቹ ላይ ምልክት አድርጋ አንድ ቦታ ብትጫን ማውጫው ከነገጽ ቁጥሩ ራሱ ተሰበሰበ። ንጋቷ አጨበጨበች። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ።

ስሟን ያስጠራው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ታይፕ ቤቶች የተማሪን ሥራ ያስቀሩና ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይሸጣሉ እየተባለ ይወራ ነበር። ስም ይቀየራል፣ ቀበሌ ይቀየራል፣ ያው ጽሑፍ እንደገና ይገባል። ንጋቷ ይህን ስትሰማ ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱን አጠገቧ አስቁማ መሰረዝ ጀመረች።

«ፍላሽዎ ላይ ገብቷል፣ አዩ? እንግዲህ ከእኔ ዘንድ አጠፋሁት። የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረግሁት። ይኸው።»

ሰው ይህን እያየ ነበር የሚመጣላት። ከቴፒም ከጌጫም ድረስ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ላይ አሞጽ የሚባል የሸዋ ቤንች ወረዳ መምህር መጣ። በክረምት መርሐ ግብር የሚማር ነው። ጥናቱ የቤንች ንብ አናቢዎች ስለ ጫካ ዛፎችና ስለ ማር ስለሚያውቁት ነበር። አብዛኛውን የነገሩት አቶ ባየ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ደብተሩ ላይ ያለው ቁርጥራጭ ቃል ብቻ ስለሆነ አሞጽ አጠገቧ ተቀምጦ ዝርዝሩን ከራሱ እያወጣ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ የየትኛው አበባ ማር እንደሚመርር፣ ቀፎ ሲሰቀል ገመዱ በየት በኩል እንደሚታሰር። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ሲያልቅ ፍላሹ ላይ ወሰደና፣ አማካሪዬ ሳያየው አላሳትምም ብሎ «ሰርዢው እትዬ» አላት። ሰረዘችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዝናብ እየወረደበት ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ንጋቷ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ፍላሹን ሲሰካ ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱም እሺ አለ።

«ለምን እሺ አልክ?»

«በትሕትና ነው የጠየቀኝ!»

ከዚያ ደንግጦ ሦስት ቤት እየዞረ ሰካው። በመጨረሻው ቤት የፍላሹ መብራት እንኳ አልበራም።

«እንደገና አንጽፈውም?» አለች ንጋቷ።

«ለማስረከብ አምስት ቀን ነው የቀረኝ። ካለፈ ዓመት እጠብቃለሁ። አቶ ባየም ከፋሲካ ወዲህ ዐርፈዋል። ማንን ልጠይቅ?»

ንጋቷ ዳንቴሉን አንስታ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ ለሐሴት ደወለች። የሐሴት ድምፅ በእኔ ግድግዳ እንኳ ይሰማል።

«ንጋትዬ፣ ኮምፒውተሩን አጥፊው! አንድ ፊደል እንዳትጽፊበት። የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ተደብቆ ይቀመጣል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስትጽፊ ከርመሻል ግን፤ ተስፋ አልሰጥሽም።»

በማግስቱ ሐሴት የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ይዛ መጣች። የምረቃ ሰሞን ስለሆነ በረንዳው ላይ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ንጋቷ «ዛሬ አልሠራም» እያለች መለሰቻቸው። እኔ በቆሎ ቀቅዬ ወሰድኩላቸው፤ አሞጽ አልነካውም። እግሩን እያወዛወዘ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው ሐሴት «መምህር፣ እግርዎን ያሳርፉልኝ፤ ማሽኑ ብርድ የያዘው መሰለ» አለችው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአሞጽ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሲከፈት እስከ አራተኛው ምዕራፍ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ገጾች በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን በሣጥን ሆነዋል፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ተጽፎባቸዋል።

አሞጽ ራሱን ያዘ። ንጋቷ ግን ወንበሯን ሳበች።

«እዚህ ላይ ንቡ ሲቆጣ አቶ ባየ ምን እንደሚያደርጉ ነበር የነገርከኝ። እንጨቱን ሳይሆን ቅርፊቱን ነው የሚያጨሱት ብለሃል። ቀጥል።»

እሱ የረሳውን እሷ ታስታውሰዋለች፤ የጻፈች እጅ አይረሳም። በሁለት ቀን ዘጠኙን ገጽ ሞሉት። አሞጽም አንድ ቀን ሲቀረው አስገባ።

እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሄጄ ሳያት ግን ወረቀት ላይ የሰው ስም ስትጽፍ አገኘኋት።

ለካ የዚያን ቀን የወጣው የአሞጽ ስም ብቻ አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው አስቁማ ከሰረዘቻቸው ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ጽሑፎች አብረው ብቅ ብለዋል። የግማሾቹ ገጽ ተበልቷል፣ ግማሾቹ ሙሉ ናቸው።

«ዋሽቼ ነበር ማለት ነው» አለችኝ።

«አላወቅሽም እኮ።»

«ይኸው እያልኩ፣ ዓይናቸው እያየ ጠፋ ብያቸዋለሁ። እነሱም አምነውኝ ሄደዋል።»

ሐሴት ሁሉንም ለብቻው በፍላሽ ገልብጣ አስቀምጣላት ነበር፤ «ወርቅ ነው፣ እንዳትጥዪው። ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለቻት። ንጋቷም «እኔ አውቃለሁ» ብላ መለሰች። ከድሮ ደብተሯ ስልክ ቁጥር እየፈለገች በተራ መደወል ጀመረች፤ ለእያንዳንዱ ያለውን ነግራ እንዲጠፋ ወይ እንዲቀመጥ ልትጠይቅ።

የመጀመሪያው ሰው ተቆጣ። «እና ለስንቱ ሸጥሽው?» አላት። ጆሮዋ ቀላ። ይቅርታ ጠይቃ፣ ሐሴትን ጠርታ፣ የእሱን ከኮምፒውተሩም ከፍላሹም ዳግም እንዳይገኝ አድርጎ የሚያጠፋ ፕሮግራም አስኬዱ። ያን ቀን ለሌላ ሰው አልደወለችም።

በማግስቱ ጌጫ ለምታስተምረው ለራሔል ደወለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ንጋቷ ሁሉንም ነገረቻት። ራሔል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው። መቶ አራት ገጽ።»

«የእኔን ኮፒ ሻጋታ ጨርሶታል። ኮምፒውተሬ ከተሰረቀ ሁለት ዓመቱ። በናትሽ እንዳታጠፊው፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ።»

ንጋቷ ስልኩን አስቀመጠች። ከራሔል ስም ጎን «ይቀመጥ» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ አሰመረችበት፤ ወደሚቀጥለው ስምም ወረደች።