ስታቲስቲክስን ትቼ ገንዳ ላይ የቆምኩበት ዓመት

ሥራ የጀመርኩት ጥቅምት ላይ፣ ወርቃ በሚባል የገጠር ቀበሌ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ከዲላ ገደብ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ታደለ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እስካሁን የት ነበርሽ?»

«ዲላ ዩኒቨርሲቲ። ሦስተኛ ዓመት ልጀምር ስል አቋረጥኩ።»

«ተባረሽ ነው?»

«አልተባረርኩም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ?»

«አልፈለግሁትም።»

ሳቁ። ከእግሬ በሦስት ቁጥር የሚበልጥ ቦት ጫማ ሰጡኝና ወደ መረከቢያው ላኩኝ። እሸት ቡና ሲራገፍ ከቀዩ መሐል አረንጓዴውንና የተጎዳውን መልቀም ነበር ሥራዬ። ቀትር ሲሆን ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል። ሰዓት ስንት ሆነ ብዬ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ክፍል ውስጥ ሳለሁ በየአሥር ደቂቃው ነበር ሰዓቴን የማየው።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ልናገር፤ ዛሬ ምክር ፍለጋ የሚመጡ ወጣቶች ሁሌ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ስታቲስቲክስ የደረሰኝ በምደባ ነው። ስንተኛ ምርጫዬ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። አልወደቅሁም፤ ሲ እያመጣሁ አልፍ ነበር። የወደቀ ሰው ሰበብ አለው፤ እኔ ያም አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት ሌሎቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣሪያ አያለሁ።

የዶርም ጓደኛዬ ሐያት ከደሴ የመጣች ልጅ ናት። ጥያቄ አልፈታ ካላት ምሳዋን ትተዋለች። ሲፈታላት በእልልታ ዶርሙን ታናጋዋለች።

«አንቺ ግን ምንም አይሰማሽም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ረሃብ ይሰማኛል» አልኳት።

አማካሪዬ የነበሩት መምህር ደግ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው አስጠርተው «የቀረሽ ሁለት ዓመት ነው። ሞቲቬሽን እየቆየ ይመጣል» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት ጠበቅሁት፤ አልመጣም።»

«ወጥተሽስ ምን ልትሠሪ ነው?»

«አላውቅም። እዚህ ተቀምጬ ደግሞ አላውቀውም።»

«እንግዲያው እንደ ብዙዎቹ ዝም ብለሽ እንዳትጠፊ። የማቋረጫ ፎርም ሙዪ። በዓመቱ ከተመለስሽ ቦታሽን ታገኛለሽ» አሉኝ። ፎርሙን ይዤ ከትምህርት ክፍሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከዚያ ወደ ዶርም ኃላፊዋ ዞርኩ። ሁሉም ፈረሙ። ለምን እንደምወጣ የጠየቀኝ የለም።

አባቴ ገደብ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ሲሰማ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሰው ምን ሆና ነው ሲለኝ ምን ልበል?»

«ቡና ታጥባለች በል።»

«ቡና እንድታጥቢ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ?»

«እዚህ አገር በቡና የማይኖር ማን አለ፣ አባ?»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ በራሶ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማጠቢያ ጣቢያ የሠሩ ሰው። አማርኛቸው በጌዴኦኛ የተቃኘ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። ማሽኑ የቡናውን ቀይ ልጣጭ ከገፈፈው በኋላ ፍሬው ሙልጭልጭ እንዳለ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሙልጭልጩ እስኪለቅ ይቆያል። ብርድ ሲሆን ይዘገያል፣ ሙቀት ሲሆን ይፈጥናል። ቀድሞ የታጠበ በደንብ አይጠራም፤ የዘገየ ይኮመጥጣል። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ፍሬውን መዳፍ ውስጥ ሲያሹት እንደ ጠጠር መንኳኳት አለበት።

«ና፣ እጅህን አስገባ» ይሉኛል። «ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«አልደረሰም። እጅህ ቸኮለ።»

አንድ ወር ሙሉ እጄ ቸኮለ። በጣም ተናደድኩ። ደብተር ገዝቼ ቡናው የገባበትን ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ጋሽ በራሶ «ደረሰ» ያሉበትን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ለሐያት በስልክ ብነግራት በሳቅ ሞተች።

«ይሄ እኮ ስታቲስቲክስ ነው!»

«አይደለም፤ ቡና ነው» አልኳት።

ቀጣዩ የቡና ወቅት ሲገባ ጋሽ በራሶ ጉልበታቸው ደከመ። የገንዳ ተቆጣጣሪነቱ ለእኔ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ አንድ ዓመትም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል።

በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ አቅራቢዎች ከወትሮው እጥፍ እሸት ቡና ይዘው መጡ። መኪኖች ከበሩ ውጪ ድረስ ተሰለፉ። ባዶ ገንዳ የለም። ብርድ ስለሰነበተ ሦስተኛው ገንዳ አልደረሰም ነበር። አቶ ታደለ እየሮጡ መጡ።

«ክፈቺና ይታጠብ!»

«አልደረሰም።»

«ስንት ሰዓት ይፈልጋል?»

«ስድስት ሰዓት ያህል።»

«ስድስት ሰዓት! ውጪ ያለው ቡና እየጋለ መሆኑ አይታይሽም?»

«ይታየኛል። ይሄንንም ካበላሸነው ሁለቱንም አጣን።»

«እዚህ ኃላፊው እኔ ነኝ!»

«ነዎት። ከፈለጉ እርስዎ ያስከፍቱት። እኔ ደርሷል ብዬ መዝገብ ላይ አልፈርምም።»

ይህን ብዬ የገንዳው መውጫ ላይ ሄጄ ቆምኩ። አጣቢዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። አቶ ታደለ ገንዳውን ሳያስከፍቱ ዞረው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ገንዳው ደረሰ፤ ቡናው ታጥቦ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ውጪ ከቆየው ግን ከፊሉ ግሎ ስለተበላሸ ለታጠበ ቡና አልሆነም፤ እንዳለ ከነልጣጩ ለደረቅ ቡና ተሰጣ። ስለዚህ አሸነፍኩ ልል አልችልም። በማግሥቱ የሁለት ሳምንት የእገዳ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ምክንያቱ «የኃላፊን ትዕዛዝ አለመቀበል» ይላል። እውነት ነው። ተቀብዬ ፈረምኩ።

ገደብ ቤታችን ስገባ አባቴ የመመለሻ ፎርሙን ከዲላ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«እግዚአብሔር መንገድ ከፈተልሽ። ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል» አለኝ።

አልዋሽም፤ ብዕሩን አነሳሁ። ከሥራ ታግጃለሁ፤ ይመልሱኝ አይመልሱኝ አላውቅም። ስሜንና የመታወቂያ ቁጥሬን ሞላሁ። «የመመለሻ ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«መማር ፈልጌ በይ።»

«አልፈለግሁም እኮ።»

«ፎርም ነው ልጄ። ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበዋለሁ።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ ጠየቅሁት፤ «አባ፣ ለፈተና ውጤት ስናደድ አይተኸኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን እንኳ?»

አሰበ። ውሸት የማይችል ሰው ነው። «አላየሁም» አለ።

«ለዚያ ገንዳ ግን አለቃዬን ተጋፈጥኩ።»

«የተጸጸትሽ ቀን እኔን እንዳትወቅሺ።»

«አልወቅስህም።»

አራቱ ቀናት አለፉ። ከእነዚያ ቀናት የረዘመ ቀን አላውቅም፤ ብዕሩን ግን ደግሜ አላነሳሁም።

እገዳዬ ሲያልቅ ወርቃ ተመለስኩ። አቶ ታደለ በሩ ላይ አገኙኝ።

«ትምህርትሽን የቀጠልሽ መስሎኝ ነበር።»

«አልቀጠልኩም።»

«ዲግሪ ለሌለው ሰው እዚህ እድገት የለም፤ ዕወቂው።»

«አውቄያለሁ። የትኛው ገንዳ ነው የሞላው?»

ያሉት እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ተመራቂዎች በላዬ ኃላፊ ሆነው መጡ። አንደኛው ስለ ቡና ምንም አያውቅም ነበር፤ ግን ይጠይቃል፣ ጥሩ ኃላፊ ወጣው። ሁለተኛው አይጠይቅም። የጣቢያ ኃላፊ ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱም ወርቃ ሳይሆን ኮንጋ በሚባል ሌላ ጣቢያ ነው። ወረቀቱ ስለሌለኝ የተናደድኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ትምህርቱን ስለተውኩ የተናደድኩበት ቀን ግን የለም። አባቴ ሰው ሲጠይቀው «ልጄ የጣቢያ ኃላፊ ናት» ይላል፤ ስለ ዲግሪው ግን እስከ ዛሬ አልታረቀኝም። ሐያት ጨረሰች፣ ሥራዋንም ትወዳለች። እሷም ልክ ናት።

አሁን ከዲላ ተማሪዎች መጥተው «ልተወው ወይስ ልጨርሰው?» ይሉኛል። ተዉትም፣ ጨርሱትም አልልም። መጀመሪያ አንድ ሙሉ የቡና ወቅት እንዲሠሩ እነግራቸዋለሁ። የሚቆጡለት ሥራ ካገኙ ይቆዩ፤ ካላገኙ ተመልሰው ይጨርሱ። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ራሱ የወሰነው ሰው መሆን አለበት።