ወደ ቂብላ የዞረው አልጋ

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር የነቀምቱ ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ይመጣብኛል፤ እርጥብ ወለሉ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው የክረምት ዝናብ፣ የአስታማሚዎቹ ሹክሹክታ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የሄድኩ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።

በመስኮቱ በኩል ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዷ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ቢላ በምትባል ከተማ በኩል ያረጁ ሙስሊም ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ከሩቅ አገር እየመጣ፣ ገና መንገድ ላይ ነበር። ሌላዋ እዚያው ነቀምት አጠገብ ያለችው የዲጋ ሰው ናቸው፤ ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ በኦሮምኛ መዝሙር ታንጎራጉርላቸዋለች። ሁለቱም እንደማይድኑ ሐኪሙ ነግሮኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የወሎዋ እናት እጄን ያዙኝ።

«ልጄ አልደረሰልኝም። ፊቴን ወደ ቂብላ አዙሩልኝ፤ ሸሃዳ የሚያስይዘኝ ሰውም ፈልጊልኝ፣ እናትዋ።»

መካ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አላውቅም፤ የመጨረሻውን የእምነት ቃልማ እኔ ክርስቲያኗ ከየት አምጥቼ! የዲጋዋ ልጅ መዝሙሯን አቋረጠች።

«ቆይ ሲስተር፣ እኔ ሰው አመጣለሁ» ብላ ወጣች። ደጅ ላይ ተሳፋሪ ይጠብቅ የነበረ ሙስሊም ባጃጅ ነጂ ይዛ ተመለሰች፤ ሁለቱም በስብሰዋል።

ነጂው በጣቱ ወዳሳየን አቅጣጫ አልጋውን ስናዞር የኦክስጅኑ ቱቦ አልደርስ አለ። ሐኪሙ በዚህ መሃል ገባ። ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ ሴትዮዋን አየና «ሲሊንደሩን እኔ እገፋለሁ፣ እናንተ አዙሩ» አለን። ነጂው ጎንበስ ብሎ ቃሉን በጆሯቸው አለላቸው። ከንፈራቸው ተከተለው። ዝናቡ ሳያባራ አረፉ፤ ዓይናቸውን የጨፈነችው የዲጋዋ ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ እኔም የስንቱን ዓይን ጨፍኛለሁ። አሁን እግሬ ያብጣል፣ ስሞችም ይጠፉኛል። ያን ቀን ግን አልረሳውም።

የወሎዋ እናት ባረፉ በማግስቱ ጠዋት የዲጋዋ እናት ልጃቸውን ጠርተው «ገረ መነ ኮ» አሏት። ወደ ቤቴ ማለታቸው ነበር። እስከዚያ ቀን «አድኑልኝ» እያለች ትለምነን የነበረችው ልጅ የእናቷን ልብስ ዘንቢል ውስጥ መክተት ጀመረች። «ንቀይልን፣ ሲስተር፤ ቤቷ እንወስዳታለን» አለችኝ። ጉሉኮሱን ነቀልኩ። ዘመዶቿ በቃሬዛ ይዘዋቸው ወጡ።

ከቀናት በኋላ ጥቁር ሻሽ አስራ ብቻዋን መጣች።

«በቤቷ፣ በአልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው» አለችኝ።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ከክፍሉ በሽተኛ ሲጠራኝ ይሰማኛል፤ ትንሽ ልቆይላት ብዬ አልተነሳሁም።