የግድግዳው ላብ

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ተሻግሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ ታክሲ ላይ የተለጠፈ ስድብ፣ ምኑም አይቀረኝ። ማንበብ ግን መረዳት አይደለም። ይህን የነገረኝ አስተማሪ የለም፤ በራሴ ደረስኩበት።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወረቀት መጋዘን ውስጥ እቃ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። ግድግዳው ላይ ሰዓት የሚመስል መለኪያ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «አንፃራዊ እርጥበት» ይላል። ቃላቱን አነበብኳቸው። ምን ማለት እንደሆኑ አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ።

ያኔ ፉሪ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ባለቤቴን ደረቷ ሲያፍናት ሦስተኛ ክረምቷ ነበር።

ብርድ ነው አልን። እኛ ነፋስን እንደ ደመኛ ነው የምናየው፤ ሚኒባስ ውስጥ ተፋፍጎ የተቀመጠ ሰው አንዱ መስኮት ሲከፍት የሚጮኸውን ጩኸት የማያውቅ የለም። እኔም የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ፣ የመስኮቱን በፌስታል ጠቀጠቅኩ። በየምሽቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ፣ ጋቢ አልብሼ አስታጠንኳት። ልብስ ውጭ ስለማይደርቅ እዚያው አሰጣነው። ጠዋት ግድግዳው ያልበዋል። ከራስጌዋ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ደረቷ ማፏጨት ጀመረ።

መጋዘኑ አሮጌ መለኪያ ሲጥል አንስቼ ቤት ሰቀልኩት። ከመቶ ዘጠና አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ስለኩስ ወደ ስልሳ ወረደ። ደስ ብሎኝ፣ ስንጥቁን መድፈኔን ጨምሬ፣ የመጋዘናችንን እርጥበት ለምትቆጣጠረው ባለሙያ ነገርኳት፤ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ውሃው የት የሄደ መሰለዎት?» አለችኝ።

«ደረቀ ነዋ!»

«በየት ወጥቶ? ሁሉን ደፍነውት! አየሩ ሲሞቅ ሆዱ ሰፋ፤ ያው ውሃ አላጠግበው አለ። መለኪያው ስንት ውሃ እንዳለ አይነግርዎትም፤ ሆዱ ምን ያህል እንደሞላ ነው የሚነግርዎት። ወደ ንጋት ሲቀዘቅዝ ሆዱ ይጠባል፤ የተረፈውን ግድግዳ ላይ ይተፋዋል።»

«ታዲያ የባሕር ዛፉ እንፋሎት…»

«እሱንማ እርስዎ ነዎት ያስገቡት። ዝናቡ ባባራ ቁጥር መስኮት ይክፈቱ።»

ሦስት ክረምት ያንን ግድግዳ ያጠጣሁት እኔ ነበርኩ። በፍቅር ነው ያደረግኩት ብል ማንን ይጠቅማል?

ቤት ገብቼ ፌስታሉን ቀዳድጄ ጣልኩ። መስኮቱን ወለል አደረግኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?» አለች ከአልጋዋ።

ሆዱን፣ እንፋሎቱን፣ ሁሉንም አስረዳኋት።

«ማንበብ ከጀመርክ ወዲህ አየሩም ሆድ አወጣ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አላቆም አለ። ጎረቤቶች ተንጋግተው ገቡ። አንዷ ሴት መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና «በበሽተኛ ላይ ነፋስ? አንተ ልብም የለህ!» አለችኝ። መልሼ ልከፍተው ተጠጋሁ። ባለቤቴ አየር ፍለጋ አንገቷን ስታሰግግ ሳይ፣ የማውቀውን ነገር ራሴም ተጠራጠርኩት።

ሐኪም ቤት አስተኟት። ሲያስወጧት «ሳንባዋ የተጎዳው ተጎድቷል፤ አይመለስም። ቤት ቀይሩ» አሉን። ቤት መቀየርን እንደ ሸሚዝ መቀየር ነው የተናገሩት።

አሁን ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ዝናቡ ሲያባራ መስኮቱን እከፍታለሁ። ነፋስ ሲነካት ደንግጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ለመናገር አቅም ስለሌላት በእጇ ዝጋው ትለኛለች። ብታገስ ትለምደዋለች እላለሁ። ሳልዘጋው እስከ አስር ለመቁጠር እሞክራለሁ፤ አራት ላይ ያቅተኛል።

ድሮ ሳላውቅ ነበር የምዘጋው። አሁን አውቄ እዘጋዋለሁ።