ሳህን ማጠብ ያስተማረችኝ ሐኪም

የበደለችኝ የወንድሜ ሚስት ዘውዲቱ ናት። ጊዜው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ በሐኑካ በዓል ሰሞን ነው። ስሟን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር ብዬ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ እዚሁ ቂርያት ጋት፣ በምሠራበት የስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። አንሶላ እየዘመዘምኩ ነበር። ጣቶቼ ደነዘዙ። ልቤ ደረቴን ደበደበው። አየር አጠረኝ። ሞትኩ አልኩ። አልሞትኩም። በሳምንቱ ደገመኝ። አለቃዬ፣ "ሐኪም መሥራት ትችላለች ብሎ ካልጻፈልሽ ማሽን ላይ አትቀመጪም" አለኝ።

ዕብራይስጤ ገና ስላልጠና ዘውዲቱን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። እሷ በሱዳን በኩል ቀድማ የገባች ናት። ሐኪሙ ልቤን በኢሲጂ መረመረ፤ ደሜንም ለታይሮይድ ምርመራ ላከ። ሁሉም ደህና ሆነ። የሚያስጨንቀኝ ነገር እንዳለ ሲጠይቅ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም" አልኩ። የጨዋ ልጅ የሆዷን ለባዳ አታወራም፤ በዘውዲቱ አፍ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የእሷን ጥፋት ስንወጣ ደረጃው ላይ ራሷ ነገረችኝ።

"እትዬ፣ ሥራው ከብዷታል፣ ቤት ብትውል ይሻላታል ብዬ ለሐኪሙ ነገርኩት። እኔ ዘንድ ልጆቹን እያዩ ያርፋሉ።"

"ሦስት ልጅ እያዩ ማረፍ?"

"ልጆች እኮ መድኃኒት ናቸው።"

"እንግዲያ መድኃኒቱን አንቺው ዋጪው" አልኳት።

ሐኪሙ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን እቤት እንድውል ተጽፏል። ሥራዬን ካጣሁ የዘውዲቱ ሞግዚት መሆኔ ነው።

ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ያ ሐኪም ተቀይሮ ከሩሲያ የመጣች ሴት ተቀምጣለች። የእሷም ዕብራይስጥ እንደኔው ይንገዳገዳል፤ ስለዚህ ተግባባን። ታናሽ እህቴ ጎንደር እንደቀረች፣ ደብዳቤዋም እንደተቋረጠ ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

"ይህ ፓኒክ ይባላል፤ ድንገት የሚነሳ ፍርሃት ነው። አይገድልም" አለችኝ። "ሳህን ስታጥቢ ሳህኑን ብቻ እጠቢ። የውሃውን ሙቀት፣ የእግርሽን አረጋገጥ ልብ በይ። ሐሳብሽ ሲሄድ ሳትቆጪው መልሺው።" ለአንድ ወር በሙከራ እንድሠራም ጻፈችልኝ።

ዕድሜ ልኬን ሳጥብ ኖሬ በስተርጅና ሳህን ማጠብ ልማር! ተናደድኩ። ግን ሞከርኩት። ለካ እኔ ሳህን ሳጥብ ከሰው ጋር ስሟገት ነበር የምውለው፤ ግማሹ ሙግት ከዘውዲቱ ጋር ነው። ቀስ በቀስ ወደ አውቶቡስ ስሄድም መሄዴን ብቻ እያሰብኩ፣ የጠዋት ፀሐይ አንገቴን ሲያሞቀው እያስተዋልኩ፣ ሽንኩርት ስከትፍም በሽንኩርቱ ብቻ እያለቀስኩ መዋል ለመድኩ።

ፋብሪካ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ መጣ። ጣቴ ደነዘዘ። ማሽኑን አቆምኩ። እግሬን መሬት ላይ ተጫንኩ። የጨርቁን ሻካራነት ዳሰስኩ። አንድ ትንፋሽ። ሌላ ትንፋሽ።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለ አለቃዬ።

"እየተነፈስኩ" አልኩት።

አለፈ። አንሶላውን ጨረስኩት።

ያቺን ሐኪም እግዚአብሔር ይባርካት። እንደኔ የሚያደርጋችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ልባችሁን ተመርመሩ። ከዚያ የሆዳችሁን ለሐኪሙ ንገሩ፤ እቤቷ እንድትውሉላት የምትፈልግ ሴት ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልምምዱን በአንድ ሳህን ጀምሩ፤ ቁልሉን ሁሉ አትመልከቱ።

ወሩ ሲያልቅ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። ለዘውዲቱ ሞግዚት ፈለግሁላት። ሐኪም ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ።